የእማዬ ማድ ቤት ግድግዳ፦ የአንድ ወር የሥራ ማስታወሻ

እማዬ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ቤቱን በ2003 ስንረከብ ውስጡ ገና አላለቀም ነበር። ወለሉንም የማድ ቤቱን ግድግዳም ያሠራችው እማዬ ናት፣ ዕቁብ የደረሳት ጊዜ። የያኔው ሴራሚክ እስከ ዛሬ አለ። ክሬም ቀለም ነው፣ 20 በ30። አራቱ ፍሬ ላይ የፍራፍሬ ቅርጫት ተስሎበታል፤ ወይን፣ ብርቱካን፣ ፖም፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል። ያኔ ብዙ ሰው ቤት እንዲህ ዓይነት ሴራሚክ ነበር።

ይህ ግድግዳ 14 ዓመት ሙሉ ቁሌት፣ የዘይት ፍንጣቂና የምጣድ እንፋሎት ችሏል። ክሬሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። መጋጠሚያዎቹ ጠቁረዋል። ምድጃው ጀርባ ያለው ደግሞ በእጅ ሲነኩት ያጣብቃል። እማዬ ፈትጋ ፈትጋ ሰልችቷታል። ለፋሲካ አዲስ ላደርግልሽ ነው አልኳት። ፋሲካ በዚያ ዓመት፣ በ2017፣ ሚያዝያ 12 ነበር። የያዝኩት ብር 5,000 ነው። ከዚያ በላይ የለኝም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ ማታ

ሜትር ይዤ ለካሁ። ሲንኩ ያለበት ግድግዳ 2 ሜትር ከ40፣ ምድጃው ያለበት ጎን 1 ሜትር ከ20። ቁመቱ ከታችኛው ካቢኔት እስከ ላይኛው 60 ሳንቲም። ሲባዛ 2.16 ካሬ ሜትር ይመጣል። 36 ፍሬ ሴራሚክ ማለት ነው። ሳልለካው በፊት የዚህን ሦስት እጥፍ ይመስለኝ ነበር። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ለኩ። ካሬውን የማያውቅ ሰው የተነገረውን ይከፍላል።

ጎረቤት ቤት የሠሩትን ሴራሚክ ሠሪ ደወልኩላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አሮጌውን አፍርሶ፣ ግድግዳውን ለስኖ፣ አዲስ ለማንጠፍ ከነዕቃው ወደ 12,500 ብር እንደሚያስፈልገኝ ዘርዝረው ነገሩኝ። አልዋሹም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክ አልቀመስ ብሏል።

ከገንዘቡ ሌላ ማፍረሱም አስፈራኝ። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ሴራሚኩ ሲነሳ ልስኑን ይዞት ይመጣል፣ መሮው ትንሽ ከገፋ የብሎኬቱ ፊት ይበሳል። የሲንኩ የውሃ ቱቦ የት የት እንደሚያልፍም አናውቅም። ፍርስራሹን ደግሞ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ማውረድ አለ።

ሌላ ምን አለ? በአሮጌው ላይ አዲስ መለጠፍ ይቻላል። ግን ግድግዳው ከአንድ ሳንቲም በላይ ይወፍራል። ሶኬቶቹ ገደል ይገባሉ፣ የታችኛው ጠረጴዛም ይጠባል። ስቲከር አለ፣ ርካሽ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ለጥፋው ነበር፤ ሲንኩ ጋ ደህና ነው፣ ምድጃው ጋ ግን ሙቀቱ ጠርዙን አንስቶታል፣ ውስጡም ዘይት ገብቷል። እሱን ተውኩት። ቀለም መቀባት ቀረ። ዛሬ የወሰንኩት እሱን ነው፣ ሁሉንም ነጣ ባለ ግራጫ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ለመቀባት መጀመሪያ ማጠብ ግድ ነው። ዛሬ ሙሉ ቀን ያጠብኩት ለቀለሙ ብዬ ነበር። ማታ ላይ ግን ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር አየሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። በፊት እማዬም እኔም የምናጥበው በበረኪና ነበር። በረኪና ያነጣል እንጂ ቅባት አያነሳም። የደረቀ ዘይትን የሚያነሳው ሙቅ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ጊዜ ነው። ጊዜው ይበልጣል። ሳሙናውን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩት። ጨርቅ ነክሬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩትና 15 ደቂቃ ተውኩት። ጨርቁ ሲነሳ ቢጫው አብሮ መጣ። ምድጃው ጀርባ ላለው ግትር ቅባት ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ እንደ ሊጥ አድርጌ ቀባሁ፣ ያንንም 20 ደቂቃ ተውኩት። የቀረውን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠረግኩ። በሽቦ እንዳታሹት። ሽቦ የሴራሚኩን ልሙጥ ፊት ይጭረዋል፣ ከዚያ በኋላ ቅባት ይበልጥ ይይዛል።

አንድ ጎረቤት "አሲድ ድፊበት፣ በአንዴ ይለቃል" አለኝ። ሠራተኞች የደረቀ ሲሚንቶ ለማስለቀቅ የሚጠቀሙበትን ማለቱ ነው። አሲድ መጋጠሚያውን ይበላል፣ ሲንኩንም ያበላሻል። በረኪና ባለበት ከተደፋ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ኮምጣጤና በረኪና ሲደባለቁም ያው ነው። በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ሳምባውን ነው የሚጎዳው። እባካችሁ አታድርጉት።

ስድስት ባልዲ ውሃ ቀየርኩ። ማታ አምፖሉን አብርቼ ሳየው ሴራሚኩ ያበራል። ክሬሙ እንደ ድሮው ነው። አልተሰነጠቀም፣ አልደበዘዘም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችው። "እንዲህ ነበር እንዴ?" አለች።

ያረጀው መጋጠሚያው ነው። ያኔ የተሞላው በነጭ ሲሚንቶ ነበርና ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ጠጥቶታል። እሱ በማጠብ አልለቀቀም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ ማታ

ሁሉንም መቀባት ትቻለሁ። ልሙጥ የሆነ ጤነኛ ሴራሚክ ላይ ቀለም መጨመር ዕዳ መግዛት ነው፤ አንዴ ከተቀባ በየጊዜው መቀባት አለበት። ግን ፍራፍሬዎቹ ያስጨንቁኛል። ማድ ቤቱን አሮጌ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ትንሽ ጣሳ ግራጫ ዘይት ቀለም ገዝቼ ሲንኩ ጋ ያለውን አንዱን ቀባሁት፣ ለሙከራ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሁለት ነገር ላይ ተሳስቻለሁ።

አንደኛ፣ ቀለሙ አልያዘም። ሦስት ቀን ደርቆ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ወረቀት ተላጠ። ሴራሚክ ቀለም አይጠጣም። ለመቀባት ከተፈለገ ፊቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ለምሳሌ በ220 ቁጥር፣ አሽቶ ማደብዘዝ፣ አቧራውን ጠርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ የሚቀባውን ኢፖክሲ ቀለም መጠቀም ያስፈልጋል። ተራ ዘይት ቀለም በታጠበ ሴራሚክ ላይ ብቻውን አይቆይም።

ሁለተኛው ይበልጣል። እማዬን አልጠየቅኳትም ነበር። ማክሰኞ ማታ ስትገባ አይታው ምንም አላለችም። ዛሬ ነው የነገረችኝ። ያንን ዕቁብ ሁለት ዓመት ጥላለች። ሴራሚኩን ስትመርጥ ተራውን ብቻ ብትወስድ ይረክስላት ነበር፤ ባለ ሥዕሉ በፍሬ ነበር የሚሸጠው፣ ውድ ነበር። "አራት ብቻ አቅሜ ቻለ፣ አራት ገዛሁ" አለችኝ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ይህን አላውቅም።

ቀለሙን በሙቅ ውሃና በፕላስቲክ ካርድ ላጥኩት። ጥሩነቱ አለመያዙ ነው፤ ወይኑም ብርቱካኑም ምንም ሳይሆን ወጣ። እማዬ የሚነሳ ካለ እንዲነሳ፣ የሚቆይ ካለ ግን ሲንኩ ጋ ያሉት ሁለቱ እንዲቆዩ ጠየቀች። ቆይተዋል። የቀረውን ሁሉ ከእነሱ ጋር እንዲሄድ አድርጌ መሥራት አለብኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረግኩ አዳመጥኩ። ጋሼ ናቸው በስልክ ያስተማሩኝ። ጀርባው የሞላ ሴራሚክ ድፍን ድምፅ አለው፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ባዶ ይጮኻል። ሲንኩ ጋ ሁሉም ደህና ናቸው። ምድጃው ጀርባ ካሉት ስምንቱ አምስቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁም ዘይት ገብቷል። እዚያ ማጠብ አይበቃም፣ መነሳት አለበት። ስምንቱ 80 በ60 ሳንቲም የሆነች ቦታ ናቸው፣ ግማሽ ካሬ እንኳን አትሞላም።

ከሰዓት ተክለሃይማኖት ሄድኩ። የድሮውን ክሬም መፈለግ ከንቱ ድካም መሆኑን ሁለተኛው ሱቅ ላይ ተረዳሁ። 20 በ30 ራሱ እንደልብ አይገኝም፤ አሁን በብዛት ያለው 30 በ60 ነው። ደግሞም ከ14 ዓመት በኋላ ቁርጥ ያንኑ ክሬም ማግኘት የማይታሰብ ነው። በጥቂቱ የሚለይ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ስህተት ይመስላል። ስለዚህ ጨርሶ የተለየ ለመውሰድ ወሰንኩ። በስልኬ የያዝኩትን የፍራፍሬውን ፎቶ እያየሁ የቅጠሉን አረንጓዴ ፈለግኩ።

ርካሽ ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የተከፈተ ካርቶን ጠይቁ። የ30 በ60 አንድ ካርቶን ብዙ ጊዜ ስምንት ፍሬ ይይዛል፣ 1.44 ካሬ። ሰው ጎዶሎ ሲያሟላ ካርቶን ይከፈትና ትራፊው ጥግ ላይ ይቀመጣል። ባለሱቁ ለትልቅ ሥራ አይበቃውም፣ እንዲሄድለት ይፈልጋል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አምስት ፍሬ ተገኘ። በ200 ተጀምሮ በ150 ተስማማን፣ 750 ብር። የሚያስፈልገኝ ሦስት ነው፤ ሁለት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው 60 ሳንቲም ይሸፍናሉ፣ ሦስተኛው ለቀረችው 20 ይቆረጣል። ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ ይዤ መጣሁ። የአንዱ ጥግ ተሸርፏል። እሱ ለሚቆረጠው ይሆናል።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የማፍረስ ቀን። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ረመዳን ላይ ናት፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ኢድ ነው። ትናንት ማታ ሄጄ ጠየቅኳት። "ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ጨርሺው፣ ከዚያ በኋላ እንተኛለን" አለችኝ። በሁለት ሰዓት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ ምድጃው አጠገብ ሶኬት አለና። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ። መነጽር አደረግኩ። የሴራሚክ ስብርባሪ እንደ ጠርሙስ ነው፣ ዓይን ላይ ከገባ አይማርም። ከዚያ የስምንቱን ዙሪያ መጋጠሚያ በሴጌቶ ምላጭ ጠልቄ ቆረጥኩት። ይህ ካልተደረገ መሮው ሲመታ ንዝረቱ አልፎ የሚቀረውን ሴራሚክ ጠርዝ ይሸርፋል።

ባዶ ከሚጮኸው ጀመርኩ። መሮውን በጎኑ አስገብቼ ትንሽ ስጎትተው ሙሉውን ለቀቀ። ጀርባውን ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። ሲሚንቶው የተደረገው አራት ጥግና መሃል ላይ ብቻ ነው፣ እንደ አምስት ጉብታ። መሃል ለመሃሉ አየር ነበር። ምድጃው ሲያሞቀው ሲያበርደው ኖሮ ለቀቀ። ሥራው ያኔ በጥድፊያ ነው የተሠራው።

ድፍኖቹ ሦስቱ ግን አስቸገሩ። አንዱ ላይ መሮው አልፎ የብሎኬቱን ፊት በሳው፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ። ደነገጥኩ። ጋሼ ከሰዓት መጥተው ሲያዩት አልደነቃቸውም። የብሎኬት ስብርባሪ በሲሚንቶ እየለወሱ ሞሉት። ከዚያ ሙሉውን ቦታ ውሃ ነስንሰው በሲሚንቶና በአሸዋ አስተካከሉት፣ ውሃ ልክ እያስቀመጡ። ከድሮው ሴራሚክ ፊት አንድ ሳንቲም ከምናምን ዝቅ ብሎ እንዲቀር አደረጉ፣ ለአዲሱ ሴራሚክና ለማጣበቂያው ውፍረት። እስኪደርቅ መቆየት አለበት።

ከስምንት ፍሬ ግማሽ ማዳበሪያ ፍርስራሽ ወጣ። 36ቱን ባፈርስ ኖሮ ከሁለት ማዳበሪያ በላይ፣ ድንጋይ የሚያህል ክብደት፣ በደረጃ። ምድጃው ጀርባ ከነበሩት ሁለት ባለ ፍራፍሬዎች አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ ሙሉውን ወጣ። ሙሉውን አጥቤ ለእማዬ ሰጠኋት። ትኩስ ድስት ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

መጋቢት 22 – 25፣ ማታ ማታ

የሲንኩን በኩል መጋጠሚያ መፋቅ። የዚህን ያህል አሰልቺ ሥራ አላየሁም፣ ግን ውበቱ ያለው እዚህ ነው። ሁለት የሴጌቶ ምላጭ ደራርቤ በፕላስተር አሰርኳቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የመጋጠሚያውን ስፋት ያህላሉ። እጀታውን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር እስኪጠልቅ ፋቅኩ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አዲሱ የሚይዝበት ቦታ አያገኝም፣ በወሩ እየተላጠ ይወርዳል።

ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 11 ሜትር ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ አራት ማታ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የሠራሁት፣ የሲሚንቶ ብናኝ ቀላል አይደለም። ምላጩ ሲያመልጥ አንድ ሴራሚክ ላይ ጭረት አለ። ሲንኩ ቧንቧ ጀርባ ስለሆነ አይታይም፣ እኔ ግን ሁሌ አየዋለሁ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ለነገ ተቀጣጥረን ነበር። እማዬ ግን "ነገ መድኃኔዓለም ነው፣ በቤቴ መዶሻ አይሰማም" አለች። መጋቢት 27 ዓመታዊ በዓሉ ነው፣ እኔ ረስቼው። ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ዛሬ አደረግነው።

የማንጠፉን ሥራ ለጋሼ ሰጠሁ፣ 1,500 ብር ከባለፈው ማስተካከያ ጋር። ሦስት ፍሬ ነው ብዬ ራሴ ልሞክረው አስቤ ነበር። ግን 30 በ60 ሴራሚክ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ከዘመመ ከሩቅ ያስታውቃል። መቁረጫም የለኝም። ባለሙያ መክፈል ያለብኝ እዚህ ላይ ነበር፣ በመታጠቡና በመፋቁ ላይ አይደለም።

ከሌላ ሥራ የተረፈ ማጣበቂያ ይዘው መጡ፣ 200 ብር ጨመርኩላቸው። ለዚህች ቦታ ሦስት ኪሎ ገደማ በቃ፤ አንድ ሙሉ ከረጢት ብገዛ ትርፉ ድንጋይ ይሆንብኝ ነበር። ማጣበቂያውን ጥርስ ባለው ብረት ግድግዳው ላይ አበጠሩት። የሴራሚኩንም ጀርባ በስሱ ቀቡት። አምስት ጉብታ የለም፣ ሙሉ ነው። የድሮው ጀርባ እንዴት እንደነበረ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሴራሚክ በጥግ አይቆምም" አሉኝ።

በመጋጠሚያዎቹ መካከል የክብሪት እንጨት አስገቡ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውሃ ልክ አስቀምጠው በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረጉ። ጥጉ የተሸረፈውን ቆርጠው ካቢኔቱ በሚሸፍነው በኩል አስገቡት። በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ።

አረንጓዴው ግድግዳው ላይ ሲቆም ገና በእጄ ይዤው ካሰብኩት ይበልጥ ጠቆረብኝ። ቅር አለኝ። እማዬ ግን ሲንኩ ጋ ያለውን ቅርጫት እያየች "ቅጠሉን ነው" አለች። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ቦያካ። ከሱቅ የገዛሁት የሴራሚክ መሙያ 1 ኪሎ፣ ነጣ ያለ ግራጫ። ነጭ አልመረጥኩም። ማድ ቤት ውስጥ ነጭ መጋጠሚያ ነጭ ሆኖ አይቆይም። ጥቁር ብመርጥ ደግሞ በክሬሙ ላይ እንደ ፍርግርግ ይሆናል።

መጋጠሚያውን በስፖንጅ ረጠብ አደረግኩ፣ ውሃ ሳይቋጥር። ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት ውሃ ላይ ጨምሬ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪሆን ለወስኩ። አምስት ደቂቃ አሳርፌ እንደገና አማሰልኩ። ውሃ አታብዙበት። የቀጠነ ቦያካ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይዥጎረጎራል።

የጎማ መጥረጊያ አልገዛሁም። ጋሼ እንደመከሩኝ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቀጥ ያለ ቁራጭ ቆርጬ በእሱ ሞላሁ። በጣም ጥሩ ነው፤ ይታጠፋል፣ ሴራሚኩን አይጭርም። ሁልጊዜ በሰያፍ ነው የሚጎተተው። በመጋጠሚያው አቅጣጫ ከተሳበ የሞላውን መልሶ ያወጣዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ሠራሁ። 15 ደቂቃ ጠብቄ፣ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ አሁንም በሰያፍ ጠረግኩ። አንድ ቦታ ላይ ቸኩዬ ቶሎ ጠረግኩና መጋጠሚያው ጎደለ። ደግሜ ሞላሁት።

ከኪሎው ግማሹ እንኳን አላለቀም። የተረፈውን በፕላስቲክ አስሬ አስቀምጫለሁ።

ማታ ሴራሚኩ ላይ ነጭ ጭጋግ ቀረ። ነገ ሆሣዕና ነው፣ አልነካውም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ ማታ

ጭጋጉ በደረቅ ጨርቅ ለቀቀ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ሲልኮን። ግድግዳውና የካቢኔቱ ጠረጴዛ የሚገናኙበት ጥግ ቦያካ አይደረግበትም። ጠረጴዛው ዕቃ ሲጫንበት ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ቦያካ ደግሞ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባና ካቢኔቱን ከጀርባው ያበሰብሰዋል። የድሮው ጥግ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ሲልኮኑን በአንድ ትንፋሽ ሳብኩት፣ በሳሙና ውሃ በነከርኩት ጣቴ አለሰለስኩት። ፕላስተሩን ሳይደርቅ አነሳሁ። 24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው ለእማዬ ነገርኳት። ሲንኩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ነው ያደረችው፣ እንዳትረሳ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሒሳብ። ሳሙና፣ ሶዳና ስፖንጅ 320። የሴጌቶ ምላጭ 180። ያልያዘው ቀለም 280። አረንጓዴው ሴራሚክ 750። ማጣበቂያ 200። ሲሚንቶና አሸዋ 150። የጋሼ ዋጋ 1,500። ቦያካ 180። ሲልኮን 450። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ 150። ድምር 4,160 ብር። መሮውንና መዶሻውን የተዋስኩት ነው። ቀለሙን ባልገዛ 280ው ይተርፈኝ ነበር።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

እማዬ ዛሬ ጉልባን ቀቀለች። ምድጃው ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ድስት ነው። እንፋሎቱ አረንጓዴው ላይ ጤዛ ሆኖ ወረደ። በጨርቅ አንዴ አለፈችበት፣ አለቀ። ቦያካው ውሃ እንዳይጠጣ የሚቀባ መከላከያ ፈሳሽ እንዳለ ጋሼ ነግረውኛል፣ ከፋሲካ በኋላ በቀረችው ብር እገዛዋለሁ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ ማታ

ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። በርበሬው ከገባ ወዲህ ድስቱ እየፈነጠቀ ግድግዳውን ነጠብጣብ በነጠብጣብ አድርጎታል። ተነስቼ ልጠርግ ስል እማዬ ከለከለችኝ። "ተይው ልጄ፣ ወጡ ሲወርድ አንድ ጊዜ እጠርገዋለሁ" አለች፣ ማማሰያውን ባለ ፍራፍሬው ሴራሚክ ላይ እያስቀመጠች።